«ይቅናህ» ብሎ ማልቀስ

ይህ ጽሑፍ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ሐዋሳ ለአንድ የወጣቶች ንባብ ክበብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው አንዳንድ ድግግሞሽ አውጥቻለሁ። መጨረሻ ላይ የተጠየቅሁትንም ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ!

ስለ መለያየት ዘፈን ና አውራልን ስትሉኝ ቀድሞ የመጣልኝ ቦታው ነው። ከዚህ ወጥታችሁ ቁልቁል ወደ ውሃው ብትወርዱ ፍቅር ሐይቅ ነው። የሐዋሳ ሰው ከሐይቁ ዳር አንዱን ጥግ ቆንጥሮ ፍቅር ሐይቅ ብሎታል። መለያያ ሐይቅ ብሎ የሰየመ የለም። እኔ ግን እዚያ ዳር ከተጀመረው ፍቅር ያለቀው ይበልጣል ባይ ነኝ። ሰው «እንነጋገር» ሲባባል ውሃ ዳር ይሄዳል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለማ! ሁለቱም ሐይቁን እያዩ ያወራሉ። የሚያለቅሰውን ፊት ለፊት የሚያየው አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዓሣውን እንጂ የማንንም እንባ አያይም።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ። ኖታ አላነብም። ክራር ሞክሬ ጎረቤት አስቁሞኛል። የኔ ሙያ ሌላ ነበር። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መናኸሪያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ሜሞሪ እጭን ነበር።

ሜሞሪ መጫን ምን እንደሆነ የማታውቁ እዚህ መሀል አላችሁ፤ ፊታችሁ ይናገራል። ያን ጊዜ ካሴት ሞቶ ተቀብሯል። ሲዲ ጣር ላይ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ አንድ ዘፈን ለማውረድ ቡና አስፈልቶ የሚያስጠጣ ነበር። መሀል ላይ የነበረችው ሜሞሪ ናት። ጥፍር የምታህል ካርድ። ደንበኛው ስልኩን ይከፍታል፣ ባትሪውን ያወልቃል፣ ካርዷን ነቅሎ ይሰጠኛል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እሰካታለሁ። «የማንን ላድርግልህ?» እላለሁ። አለቀ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ዘፈን «ተለቀቀ» የሚባለው በኛ በኩል ሲያልፍ ነበር።

ሙዚቃ ቤት የሚሠራ ሰው እንደ ንስሐ አባት ነው። የሰፈሩ ፍቅር ሁሉ በፊቱ ያልፋል። አዲስ የያዘው ልጅ ይታወቃል። አስር ዘፈን ይጠራል፣ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ መልስ አይቆጥርም። የተለያየውም ይታወቃል። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ደጅ ይቆማል። ከዚያ ይገባና ዝቅ አድርጎ «ያቺ ነገር አለችህ?» ይላል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ስሙ ይቆየን። አንድ ቀን ማታ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ገባ።

«አንዲት የፈረንጅ ዘፈን አለች። ሴት ናት የምትዘፍነው። ፒያኖ ብቻ ነው ያለው። ከበሮ የለውም» አለኝ።

«ዘፋኟ ማን ትባላለች?»

«እኔ ምኑን አውቄው! አንዲት ተሳፋሪ በስልኳ ስትሰማ ነው የሰማሁት። እያለቀሰች ነበር። ሒሳብ መቀበል ሁሉ ከበደኝ።»

አወቅኋት። ከበሮ የሌላት፣ ፒያኖ ብቻ ያላት፣ ሰው የምታስለቅስ። ኮምፒውተራችን ውስጥ በሦስት ዓይነት የፊደል ስህተት ሦስት ቦታ ተቀምጣለች። የአዴል «ሰምዋን ላይክ ዩ»። ጫንሁለት። ሊወጣ በሩን ይዞ ዞር አለ።

«ምንድን ነው ግን የምትለው?»

በሱቅ እንግሊዝኛ ተረጎምሁለት። ድሮ የምትወደው ሰው ትዳር መያዙን ሰማች። ሳትጠራ ሄደች። በሩ ላይ ቆመች። ልትረብሸው እንዳልመጣች ነገረችው። መልካሙን ሁሉ ተመኘችለት። እንዳይረሳት ለመነችው። ይኸው ነው አልሁት።

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ይቅናህ ልትለው ነው እንዴ ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው?»

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ይዤላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ዘፈኗ እንዴት እንደወጣች ልንገራችሁ። አዴል የለንደን ልጅ ናት። ቶተንሃም ነው የተወለደችው፣ በ1988 እንደ ፈረንጆቹ። አልበሞቿን በዕድሜዋ ትሰይማለች። የመጀመሪያው «19» ነው፣ ሁለተኛው «21»። ይህ ሁለተኛው በአብዛኛው ስለ አንድ መለያየት ነው።

ከአልበሙ ቀድሞ የወጣው ነጠላ ዜማ ግን ይህች ዘፈን አልነበረችም። «ሮሊንግ ኢን ዘ ዲፕ» ነበር፣ ኅዳር 2003 ላይ። እሱ በተለያዩ ማግስት የተጻፈ ነው። ቁጣ ነው። ከበሮው ራሱ በንዴት መሬት የሚመታ እግር ይመስላል። በኛ አነጋገር «የእጅህን ይስጥህ» ማለት ነው።

ሁለተኛዋ የመጣችው ቁጣው ሲበርድ ነው። ሰውየው ከሌላ ሴት ጋር መታጨቱን ሰማች። ከተለያዩ ገና ወራት ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጊታር ይዛ ጀመረቻት። ከዚያ ዳን ዊልሰን ወደሚባል አሜሪካዊ ዘፈን ደራሲ ይዛት ሄደች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት ቀን አብረው ተቀመጡ። እሱ ፒያኖውን መታ፣ እሷ ዘፈነች።

ሲቀዷት ለናሙና ነበር። «እንዲህ ያለች ነገር አለችን» ለማለት ያህል። በኋላ ቫዮሊኑም ከበሮውም ይጨመራል የሚባልላት ዓይነት። ግን አልተጨመረም። ያቺው የሁለት ቀኗ ቅጂ አልበሙ ላይ ወጣች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያበግነኛል። እኛ ጋ ብትሆን ምን ይደርስባት እንደነበር አስቡት። አቀናባሪው ይሰማታል። «ቆንጆ ናት፣ ግን ባዶ ናት» ይላል። ሳክስ ይገባባታል። ኮረስ የሚሉ ሦስት ሴቶች ይመጣሉ። ኪቦርዱ የሌለውን የኦርኬስትራ ድምፅ ሁሉ ያመጣል። መሀል ላይ «ሞቅ ትበል» ይባልና ከበሮ ይገባል። ከዚያ ክሊፕ ይሠራላታል። ዘፋኙ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በአበባ መሀል ፀሐይ ስትገባ ያያል። ልጅቷ በዘገምታ ፀጉሯን ታዞራለች። በዚህ መሀል ያዘነው ሰው የት አለ? ማንም አያገኘውም። አልቃሽ በበዛበት ለቅሶ ሟች ይረሳል።

ባዶ የተባለው ቦታ እኮ የሰሚው ቦታ ነው። ሰው የራሱን ሰው የሚያስቀምጥበት። ይህን ደግሞ አያቶቻችን ያውቁታል። አንድ ሰው በክራር ትዝታ ሲያንጎራጉር የሰማ ሰው ይገባዋል። በአንድ ስንኝና በሚቀጥለው መሀል ክራሩ ብቻውን ይቀራል። ዘፋኙ ዝም ይላል። ያኔ ነው ሆዳችሁ የሚባባው። ስንኙ ላይ ሳይሆን ዝምታው ላይ። ከኪቦርድ በኋላ ያቺን ዝምታ ፈራናት መሰለኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ የወጣው በጥር 2003 ዓ.ም. ነው፣ በነሱ 2011። ዘፈኗም ያኔውኑ ሁለተኛ ነጠላ ዜማ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ሰማይ አልተቀደደም። የገለበጠው አንድ ምሽት ነው። የካቲት 8፣ በነሱ ፌብሩዋሪ 15። የፍቅረኞች ቀን በተከበረ ማግስት! ለንደን ውስጥ በኦቱ አዳራሽ ብሪት የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት ነበር። ዳንሰኛው፣ መብራቱ፣ ግርግሩ ሁሉ ያለበት ዝግጅት ነው። እሷ ወጣች። አንድ ፒያኖ ተጫዋች፣ አንድ ማይክ። ቆማ ዘፈነች። መጨረሻው ላይ እንባ ተናነቃትና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ ዘፈኗ የእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ47ኛ ተነስታ 1ኛ ሆነች። በዚያ ዓመት ብቻ እዚያው እንግሊዝ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠች። አሜሪካም ያው ታሪክ ተደገመ። ነሐሴ 22 ቀን በኤምቲቪ ሽልማት ላይ ዘፈነቻት፣ ከ19ኛ ወደ 1ኛ ዘለለች። ፒያኖና ድምፅ ብቻ ይዞ በቢልቦርድ ዋና ሰንጠረዥ 1ኛ የወጣ የመጀመሪያው ዘፈን እሷ ናት። ሌሎቹ ሁሉ ሌላ ሌላ መሣሪያ ነበራቸው።

ልብ በሉ። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳት አዲስ ክሊፕ አይደለም። ሰው አንዲት ሴት ቆማ ስትዘፍን አየ። በቃ።

እኛ ዘንድ የአለቃቀቁ ወግ ሌላ ነው። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብ ሲመጣ ብዙ ነገር ተቀይሯል። አንድ ነገር ግን ሥር ሰዶ ቆይቷል፤ አልበም ለበዓል ይወጣል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ያለው፣ ዘመድ የሚሰበሰበው ያኔ ነዋ። ስለዚህ የመለያየት ዘፈን የምንሰማው ዶሮ ወጥ እየበላን ነው። «ጥላኝ ሄደች» እየተባለ «እስቲ እንቁላሏን ጨምሪለት» ይባላል። ይህ እኔን ያስቀኛል። ግን መጥፎ ነው አልልም። ሐዘን ከቤተሰብ መሀል መሰማቱ የራሱ ደግነት አለው።

የዘፈኗ አቀባበል ብዙ ፊት ነበረው። ኅዳር 2004 አካባቢ አንድ የአሜሪካ የቀልድ ፕሮግራም ሳይቀር ሠራባት። ቢሮ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ዘፈኗን ከፍተው በአንድነት ያለቅሳሉ፣ አንድ ሰው ሲመጣ እሱም ይቀላቀላል። ሰው በአንድ ዘፈን መሳቅ የሚችለው ሁሉም ሲያውቃት ነው። በየካቲት ደግሞ አዴል ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አገግማ ወደ አሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት ወደ ግራሚ መጣች። በስድስት ዘርፍ ታጭታ ስድስቱንም ወሰደች። አንዱ ለዚህችው ዘፈን ነው።

እዚህ ሐዋሳ ደግሞ ተሰለቸች። አዎ። እውነቱን እንነጋገር። ካፌው ሁሉ ከፈታት። በሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ነበር፣ እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ በሳክስ ይነፋት ነበር። ሰው የተጠበሰ ዓሣውን በሎሚ እያጠበ፣ ልጆች ጠረጴዛ ሥር እየሮጡ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የአንዲት የለንደን ልጅ ልብ ስብራት ይነፋል። ማንም አላለቀሰም። ዘፈን ቦታ ይፈልጋል ለካ።

በዚያው በግራሚው ሰሞን፣ በነሱ 2012፣ ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ይህች ዘፈን ሰው የምታስለቅሰው ለምንድን ነው የሚል። ጽሑፉ ጆን ስሎቦዳ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከሃያ ዓመት በፊት የሠራውን ጥናት አነሳ። ሰዎችን እንባ የሚያመጣባቸውን የሙዚቃ ቦታ ጠቁሙ ብሏቸው ነበር። ከተጠቆሙት 20 የሚያስለቅሱ ቦታዎች 18ቱ አንድ ነገር ነበራቸው። አፖጃቱራ ይባላል። ጣልያንኛ ነው፣ መደገፍ ከሚለው ቃል የመጣ።

እንዴት ላስረዳችሁ? ድምፁ አንድ ቦታ ይደርሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ግን አጠገቡ ያለው ላይ ያርፋል። እዚያ ቅር ይላችኋል፣ ትንሽ ያሳክካችኋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይገባል። እፎይ ትላላችሁ። ይህ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ሲሆን ሰውነት ይሸነፋል ነው ነገሩ። አንዳንድ ሙዚቀኞች በኋላ «የለም፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም» ብለው ተከራክረዋል። እኔ በዚያ ክርክር አልገባም። ግን ደጅ ላይ ቆሞ ሳይገባ የሚያመነታ ድምፅ፣ ደጅ ላይ ስለቆመች ሴት በሚያወራ ዘፈን ውስጥ መኖሩ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሹፌሩ ጥያቄ። ይቅናህ ለማለት ያን ሁሉ መንገድ?

እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን፣ ይህ ሊጠፋን አይገባም ነበር። ሰሙ ምርቃት ነው። ወርቁ «አልተውሁህም» ነው። ርዕሱን ራሱን ተመልከቱት። እንዳንተ ያለ ሰው አገኛለሁ ትላለች። ልቡ የተፈወሰ ሰው እንዲህ ይላል? የተፈወሰ ሰው «ካንተ የተለየ ስጠኝ» ብሎ ነው ስዕለት የሚሳለው። አንድ ጊዜ ይህን ለአክስቴ ነገርኋት። ቡና እየቆላች ነበር። «እንዳንተ ያለ ካለች እሱኑ ማለቷ ነው» አለችኝና ጢሱን ወደኔ አራገበችው። ከጋዜጣው ጽሑፍ ይልቅ ለኔ ይኼ ገባኝ።

ሱቁ ውስጥ ያየሁትም ይህንኑ ነው። የመለያየት ዘፈን ሁለት ዓይነት ነው። «የእጅህን ይስጥህ» የሚለውና «ይቅናህ» የሚለው። የመጀመሪያውን ሰው ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ጮክ ብሎ ያስጭናል። «እስቲ ያቺን! ለሷ የምትሆን!» እያለ። ባጃጅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ግሮሰሪ ውስጥ የሚከፈተው እሱ ነው። ሁለተኛውን ግን ብቻውን ይመጣል። የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ። የሚረግም ሰው ጓደኛ አያጣም። የሚመርቅ ሰው ነው ብቻውን የሚቀረው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ያኔ ስተረጉም ያደናቀፈኝ። የእንግሊዝኛው «ዩ» ፆታ የለውም። ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም «ዩ» ነው። አንድ ቦታ ላይ ሴት ማግባቱን ከመናገሯ በቀር ዘፈኗ ለማንም ትሆናለች። የኛ ቋንቋ ይህን አይፈቅድም። ገና አፋችንን ስንከፍት «አንተ» ወይ «አንቺ» ማለት አለብን። ዘፋኙ ማንን እንዳጣ ገና በመጀመሪያው ስንኝ እናውቃለን። ስለዚህ ለባጃጅ ሹፌሩ ስተረጉምለት መሀል ላይ አፌ ያዘኝ። «በሩ ላይ ቆመች» ብዬ ጀምሬ ነበር። ፊቱን ሳየው ቀየርሁት። «በሯ ላይ ቆመ» አልሁት። «ባል አገባሽ አሉ፣ ይቅናሽ አላት» አልሁት። ቅድም ስነግራችሁ ይህን ዘልዬዋለሁ፤ የሱንም ጥያቄ ወደ ሴቷ መልሼ ነው የነገርኋችሁ። እሱም ትርጉሙ መገልበጡን አላየም። ወይም አይቶ ዝም አለኝ።

እና ትዝታ። የትዝታ ነገር ካልተነሳ ይህ ንግግር አይሞላም። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ናቸው። አምስት አምስት ድምፅ። ከአራቱ አንዱን «ትዝታ» ብለን ስሙን ከስሜቱ አንድ አድርገነዋል። ቅኝቱም ትዝታ፣ ዘፈኑም ትዝታ፣ የሚሰማችሁም ትዝታ። ማሕሙድ አሕመድ ዘፍኖታል፣ ጌታቸው ካሣ ዘፍኖታል፣ በዛወርቅ አስፋው ዘፍናዋለች። እያንዳንዱ የራሱን ስንኝ እየጨመረ። የመጀመሪያው ቅጂ የቱ ነው፣ መቼ ተለቀቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትዝታ የሚለቀቅበት ቀን የለውም። 47ኛም 1ኛም ሆኖ አያውቅም።

አሁን ልዩነቱን አስተውሉ። አዴል ወደ ሰውየው ቤት ትሄዳለች። መንገዱን አቋርጣ፣ በሩ ላይ። የኛ ዘፋኝ አይሄድም። የሰው በር ላይ መቆም ነውር ነው። እሱ ቁጭ ባለበት ትዝታ ይመጣበታል። ስለዚህ ሰውየዋን ትቶ ትዝታን ራሱን ያናግረዋል። ና ይለዋል፣ ሂድ ይለዋል፣ እንደ ሰው ይወቅሰዋል። ያው በር ነው። እዚያ እሷ ናት የምታንኳኳው፣ እዚህ የሚንኳኳበት ሰው ነው የሚዘፍነው።

ሹፌሩ የገረመው ለዚህ ይመስለኛል። በኛ ዘፈን ያደገ ሰው ነው። መሄድ ምን አስፈለገ? ቁጭ ብትልም ይመጣባት ነበር።

እንግዲህ ይህን ካልሁ በኋላ ጥያቄ ተከፈተ። ሦስቱን ልጻፍላችሁ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ሰውየው ዘፈኗን ሰምቷት ይሆን?» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ ግን ሁሉም ሊጠይቀው የፈለገው እሱን ነው። እኔ የነገርኋት አዴል ራሷ ስለ ብሪት ምሽት ያወራችውን ነው። መጨረሻው ላይ እንባ የመጣባት ያ ሰው ስለታያት ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን እያየ፣ በሱ ምክንያት እንደምታለቅስ ገብቶት ሲስቅባት። ከዚያ ዞር ስትል አዳራሹ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። አስቡት። ሃያ ሺህ ሰው ሊይዝ በሚችል አዳራሽ ውስጥ ቆማ የምታየው አንድ ሳሎን ነው።

ፊት የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ ገበና ማውጣት አይደለም ወይ? እኛ ሆድ ይፍጀው ብለን ነው ያደግን» አሉኝ።

«ልክ ነዎት አባቴ» አልሁ። ከምር ልክ ናቸው። ሆድ ይፍጀው ትልቅ ቃል ነው። ሆድ ግን የማይፈጨው ነገር አለ፣ እሱ ነው በእንጉርጉሮ የሚወጣው። እሷም ብትሆን የሰውየውን ስም ዘፈኗ ውስጥ አንድ ቦታ አልጠራችም። የኛም አዝማሪ እንደዚያው ነው። ዓይኗን ያነሳል፣ አካሄዷን ያነሳል፣ አገሯን ያነሳል፣ ስሟን አንዳንዴ ይሸፍናል። ጎረቤት ያውቃል፣ ግን ማንም «እገሊት ናት» አይልም። አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። የተስማሙ አይመስለኝም። በኋላ ሻይ ላይ ሲያናግሩኝ ግን የጌታቸውን ትዝታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው አወረዱልኝ። የማን ትዝ ብሏቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሦስተኛው «የባጃጁ ሹፌርስ?» የሚል ነበር።

ከስድስት ወይ ከሰባት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ቀን ነው፣ ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ሳቁ ከደጅ ይሰማል። ሜሞሪዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወራትና የሰርግ ዘፈን ጫንልኝ አለ። የወንድሙ ነው፣ የራሱ ነው፣ አላለኝም። ካርዷን ስሰካት ሞልታለች። ሁለት ጊጋ ጢም ብላለች። የምናጠፋውን አብረን መምረጥ ጀመርን። ይሄ ይጥፋ፣ ያ ይጥፋ። የድሮ ቀልዶች፣ ሦስት ቦታ የተደገመ የእግር ኳስ ጎል፣ ማን እንደላከው የማያውቀው ቪዲዮ። እየወረድን እሷ ላይ ደረስን። በኛው የፊደል ስህተት እንደተጻፈች ናት።

ቀስቱን እሷ ላይ አቁሜ ቀና ብዬ አየሁት።

«ስንት ትይዛለች?» አለኝ።

«አምስት ሜጋ አትሞላም።»

«ተዋት እንግዲህ» አለና ወደ ደጅ ወደ ባጃጁ ዞረ። «ምን ያህል ቦታ ያዘች ብለህ ነው።»